ጥለት፣ ከልና ወይባ፤ በስካነር በተቀዱ ፎቶግራፎች ላይ ስለሚደረግ የብርሃን፣ የንፅፅርና የቀለም ማስተካከያ (ከዊንጌት ሰፈር አንጻር)

በአዲስ አበባ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ የሚገኘው የዊንጌት ሰፈር ስሙን የወረሰው በ1946 ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ትምህርት ቤቱም የተሰየመው በ1941 የጌዴዎን ጦር የተባለውን ኃይል እየመራ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ኢትዮጵያ በገባውና በ1944 በአውሮፕላን አደጋ በሞተው በእንግሊዛዊው መኰንን በኦርድ ዊንጌት መታሰቢያነት ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶች በዚህ ስፍራ በአዳሪነት ተምረዋል። ጉለሌ በአንጻሩ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ በተለይም በሽሮ ሜዳ በኩል፣ ሠፍረው ጥበብና ነጠላ የሚሠሩበት አገር ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰፈር በሚገኝ የቤተሰብ አልበም ውስጥ ኮትና ክራባት ያደረገ ተማሪና ነጠላ ያጣፋች እናት በአንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ቢታዩ አያስደንቅም።

እንዲህ ያሉት አልበሞች ለባህል ጥናት ትልቅ ጥቅም አላቸው። በጽሑፍ ያልሰፈረው የአለባበስ፣ የኀዘን፣ የክብርና የማዕርግ ሥርዓት በእነርሱ ላይ ይታያል። በቅርቡም ዘመን ከቤተሰብ እጅ እየተሰበሰቡ በስካነር መቀዳት ጀምረዋል፤ በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ የዚህ ሥራ አንድ ፍሬ ነው። ነገር ግን ስብሰባው ሲፈጠን ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል። ከስካነር የወጣው ሥዕል ብዙ ጊዜ የደበዘዘ ወይም የጨለመ ይሆናልና ሠራተኛው ወዲያውኑ ብርሃኑን፣ ንፅፅሩንና ቀለሙን «ያስተካክላል»። ይህ ማስተካከል የሥዕሉን ምስክርነት ሊያጐላው ወይም ፈጽሞ ሊያጠፋው እንደሚችል ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

፩. የተቀዳ ፎቶግራፍ ምንድን ነው?

ስካነር በወረቀቱ ላይ ብርሃን ያበራና ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚመለሰውን ብርሃን ለክቶ በቍጥር ይመዘግባል። በተለመደው አመዘጋገብ 256 ደረጃዎች አሉ፤ 0 ፍጹም ጥቁር፣ 255 ፍጹም ነጭ ሲሆን፣ ሌሎቹ ሁሉ በመካከል ያሉ ግራጫዎች ናቸው። የቀለም ሥዕል ሲሆን ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቍጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። በጥንቃቄ የሚቀዳ እንደ ሆነ ደግሞ ደረጃዎቹ እስከ 65,536 ሊደርሱ ይችላሉ።

እንግዲህ ማስተካከል ማለት በእነዚህ ቍጥሮች ላይ የሚፈጸም ሒሳብ ማለት ነው። ሥራው አዲስ አይደለም። ከኮምፒዩተር በፊት የነበረው ፎቶ አንሺ በጨለማ ክፍሉ ውስጥ የወረቀቱን ዓይነት እየመረጠ፣ የመብራቱን ጊዜ እያሳጠረና እያስረዘመ፣ በእጁም ጥላ እያደረገ ፊትን ያበራ፣ ሰማይን ያጠቍር ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ቢበላሽ ኔጋቲቩ ሳይነካ ይቀራል። በ1990 በወጣው በፎቶሾፕ ወይም በ1996 በወጣው በጊምፕ የሚሠራ ሰው ግን ያስተካከለውን በፊተኛው ፋይል ላይ ደርቦ ቢያስቀምጠው የመጀመሪያው ቍጥር ከዚያ በኋላ አይገኝም።

፪. ብርሃንና ጥለት

በኢትዮጵያ በተነሡ ፎቶግራፎች ዘንድ ዘወትር የሚያጋጥመው ችግር የነጭ ልብስና የጠይም ፊት በአንድነት መገኘት ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የተሠራው የሚታየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው። በፀሐይ ላይ የቆመች ነጠላ የለበሰች ሴት ግን ከዚህ ግምት ውጭ ናት፤ ልብሷ ከአማካዩ እጅግ ይበራል፣ ፊቷ ከአማካዩ ይጨልማል። በዚህ ምክንያት በብዙ ሥዕሎች ላይ ልብሱ ደምቆ ፊቱ ጥላ ሆኖ ይታያል፤ ሠራተኛውም ከሁሉ አስቀድሞ ፊቱን ለማብራት ይቸኩላል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ የሴቲቱ ፊት 55፣ የነጠላዋ ነጭ 235፣ የጥለቱ ስስ ቀለም 220 ነው እንበል። ሠራተኛው የብርሃን መጠኑን በ40 ቢጨምር ፊቱ 95 ይሆናል፤ በእርግጥም ይታያል። ነጠላው ግን 275፣ ጥለቱ 260 መሆን ነበረባቸው፤ ከ255 በላይ ቍጥር ስለሌለ ሁለቱም 255 ሆነው ይቀራሉ። በነጠላውና በጥለቱ መካከል የነበረው የ15 ደረጃ ልዩነት ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ መልሶ ቢጨልም እንኳ ጥለቱ አይመለስም፤ ነጭ የነበረው ሁሉ አንድ ወጥ ግራጫ ይሆናል እንጂ።

ይህ ልዩነት ለባህል ተመራማሪ ምን ማለት እንደ ሆነ የነጠላን አለባበስ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ የሚታይበት ልብስ የደኅና ቀን ልብስ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገቷ ያደረገች ሴት ግን ኀዘንተኛ ናት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል፤ በትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ይደገደጋል። በቤተሰብ አልበም ውስጥ የሚገኝ የብዙ ሰዎች ሥዕል የሠርግ ይሁን የሙት ዓመት፣ ከጀርባው ጽሑፍ ከሌለ፣ አንዳንድ ጊዜ የሚለየው በዚህ ምልክት ብቻ ነው። ፊቶቹን ለማሳየት ሲባል ጥለቱን ያጠፋ ሠራተኛ እንግዲህ ሰዎቹን አሳይቶ ነገሩን ሰወረ።

መፍትሔው ብርሃኑን ለሁሉም እኩል መጨመር ሳይሆን፣ ከርቭ በሚባለው መሣሪያ ጥቁሩን ጫፍና ነጩን ጫፍ በቦታቸው አጽንቶ መካከሉን ብቻ ማንሣት ነው። ከላይ የተጠቀሱት ቍጥሮች በ1.4 የጋማ መጠን ቢነሡ ፊቱ ከ55 ወደ 85 ይወጣል፤ ጥለቱ 229፣ ነጠላው 241 ይሆናል። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከ15 ወደ 12 ቢያንስም አልጠፋም። ፊቱም ጥለቱም በአንድነት ይነበባሉ።

፫. ንፅፅርና ከል

ንፅፅር መጨመር ማለት ብሩሁን ይበልጥ ማብራት፣ ጨለማውን ይበልጥ ማጨለም ነው። የደበዘዘ ሥዕል በዚህ መንገድ ሕይወት የዘራ ይመስላል፤ ስለዚህም ከማስተካከያዎች ሁሉ ዐይንን ቶሎ የሚያታልል ይህ ነው።

በኀዘን ጊዜ ጥቁር የተነከረ ልብስ መልበስ፣ ከል መልበስ የሚባለው፣ የቆየ ልማድ ነው። በእጅ የተነከረ ከል በፎቶግራፍ ላይ ፍጹም ጥቁር ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ በፋብሪካ ከተሠራ ጥቁር ካፖርት ወይም ከዛፍ ጥላ ጥቂት ሊፈዝ ይችላል። በአንድ የቀብር ሥዕል ላይ ከሉ 30፣ ካፖርቱ 20፣ ከበስተኋላ ያለው ጥላ 12 ሆነው ተመዝግበዋል እንበል። ከመካከለኛው ከ128 ያላቸው ርቀት በ1.3 ቢባዛ ከሉ ወደ 1 ይወርዳል፤ ካፖርቱና ጥላው ከዜሮ በታች ሊሄዱ ሲገባቸው በ0 ላይ ይቆማሉ። ሦስቱም አንድ ጨለማ ሆኑ። ማን ከል እንደ ለበሰ፣ ማን ዘመናዊ ካፖርት እንደ ደረበ መለየት አይቻልም።

ይህ ልዩነት ለዊንጌት አካባቢ ታሪክ ጥቃቅን ነገር አይደለም። የተማረው ልጅ በአባቱ ቀብር ላይ ካፖርት ለብሶ እናቱ ከል ለብሳ ቢገኙ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት የኀዘን ሥርዓት ጐን ለጐን እንደ ነበረ ሥዕሉ ይመሰክራል። ይህንም ምስክርነት የሚሸከሙት እነዚያ ጥቂት ደረጃዎች ናቸው። ስለዚህ ንፅፅር ከመጨመሩ በፊት ሂስቶግራም የሚባለውን የቍጥሮች ሥርጭት መመልከት ያስፈልጋል። ሥርጭቱ በግራ ወይም በቀኝ ጫፍ ላይ እንደ ግድግዳ ከተከመረ አንዳች ነገር እየጠፋ ነው። ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚያከናውነው ማስተካከያም ብዙውን ጊዜ ጥቂቶቹን ነጥቦች በሁለቱም ጫፍ እየቈረጠ የሚዘረጋ ስለ ሆነ ለመዝገብ ሥራ አይታመንም።

፬. ቀለምና ወይባ

የቀለም ፎቶግራፍ ወረቀት ሦስት የቀለም ንጣፎችን የያዘ ነው። በቀድሞዎቹ ወረቀቶች ላይ፣ በተለይም ሥዕሉ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ሲቆይ፣ ከሦስቱ ፈጥኖ የሚደክመው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላው ንጣፍ ነው። ስለዚህ በብዙ ቤት የሚገኙ የድሮ የቀለም ሥዕሎች ወደ ቀይነት ሄደዋል። ይህን መመለስ ተገቢ ነው፤ የደከመውን ንጣፍ ማበርታት ከእውነቱ ያቀርባል እንጂ አያርቅም።

አደጋው ያለው «ነጭ የሆነውን ስፍራ አመልክት» በሚለው ፈጣን ዘዴ ላይ ነው። ሠራተኛው ነጭ ነው ብሎ የሚያስበውን ነጥብ ሲነካ ኮምፒዩተሩ የዚያን ነጥብ ሦስት ቍጥሮች እኩል ያደርግና በዚያው ልክ ሥዕሉን ሁሉ ይለውጣል። በኢትዮጵያ ሥዕል ላይ ግን ነጭ የሚመስል ልብስ ሁሉ ነጭ አይደለም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ የራሱ የሆነ ስስ ቢጫነት አለው። ከዚህም በላይ መነኮሳትና መነኮሳይያት ወይባ፣ ማለትም ወደ ቢጫ የተነከረ ልብስ ይለብሳሉ። በቀላው ወረቀት ላይ ወይባና ያደፈ ነጭ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

የወይባው ቍጥር በቀይ 230፣ በአረንጓዴ 205፣ በሰማያዊ 150 ቢሆንና ሠራተኛው እርሱን እንደ ነጭ ቢቈጥር፣ ሦስቱም 230 ይሆናሉ። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ፊት 120፣ 80 እና 60 የነበረ እንደ ሆነ ወደ 120፣ 90 እና 92 ይለወጣል፤ ጠይሙ ፊት ዐመድማ ሆነ ማለት ነው። በእርግጥ ነጭ የነበረው ነጠላም ወደ ሰማያዊነት ያዘነብላል። ሠራተኛው ከዚያ በኋላ ፊቱን ብቻ ለይቶ ቢያሞቀው ሥዕሉ ያማረ ይሆናል፤ መነኵሲቱ ግን በሥዕሉ ውስጥ ከእንግዲህ መነኵሲት አይደሉም፤ ነጭ የለበሱ አሮጊት ናቸው።

በፊት ቀለም ረገድም ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» ተብሎ በሚጠራ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበር። ለእርሷ ፊት የተስማማው ልክ ለጠይምና ለጥቁር ፊት ሳይስማማ ብዙ ዘመን ቆይቷል። እንግዲህ በድሮ የቀለም ሥዕል ላይ የሚታየው የፊት ቀለም የሰውየው መልክ ብቻ ሳይሆን የማተሚያ ቤቱም ልክ ነው። አማርኛ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር ብሎ በጥንቃቄ የሚለየውን መልክ ከእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ መወሰን አይገባም።

፭. ማስተካከል የማይመልሰው

እስካሁን የተነገረው በወረቀቱ ላይ ያለውን ስለ መጠበቅ ነው። በወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያውም ያልሠፈረ ነገር ደግሞ አለ። የመጀመሪያዎቹ የፎቶግራፍ መስተዋቶች የሚሰማቸው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎግል በ1873 መስተዋቱን በማቅለሚያ በመንከር አረንጓዴ እንዲሰማው የሚደረግበትን መንገድ አገኘ፤ ቀለሞችን ሁሉ የሚቀበል መስተዋት ለገበያ የቀረበው ግን በ1906 ነው። ከዚያም በኋላ አሮጌው ዓይነት ብዙ ዓመት አብሮ ሲሠራበት ቆይቷል።

በእንዲህ ያለ መስተዋት ላይ ቀይ ጥለት ጥቁር ይሆናል፤ ሰማያዊ ጥለት ከነጩ ነጠላ ጋር ይቀራረባል። በ1897 ሥራ ላይ የዋለው የአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሰንደቅ ዓላማም ቢጫው ከቀዩ ጋር ጨልሞ ሊታይ ይችላል። ጠይም ፊትም ከእውነተኛው ይልቅ ይጠቍራል። ከጥቁሩ ግራጫ ተነሥቶ ጥለቱ ቀይ ነበር ወይስ ጥቁር ብሎ መለየት ለማናቸውም መሣሪያ አይቻለውም፤ ሁለቱም የሰጡት ቍጥር አንድ ነውና። ዛሬ ጥቁርና ነጩን ሥዕል በራሳቸው ቀለም የሚቀቡ ፕሮግራሞች የሚሰጡት ግምት ነው። ግምቱም የተቀዳው ከሌሎች ሥዕሎች እንጂ ከዚያ ነጠላ አይደለም። ስለዚህ ቀለም የተቀባ የድሮ ሥዕል ለግድግዳ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጥለት ታሪክ ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

፮. ብራና ላይ ያለው ተመሳሳይ ጕዳይ

ይኸው ሕግ በብራና መጻሕፍት ላይ በግልጽ ይታያል። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን በጥቁርና ነጭ ፊልም አንሥቷል፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ውስጥ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የግዕዝ ጸሐፊ ግን በሁለት ቀለም ይጽፋል። የክፍል መነሻዎች፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ፣ የቀረው በጥቁር ነው። በፊልሙ ላይ የሁለቱ ልዩነት የግራጫ ልዩነት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፊልሙ በስካነር ሲቀዳ ንፅፅሩ ከመጠን በላይ ቢጨመር ቀዩም ጥቁሩም እኩል ይጠቍራሉ፤ ብርሃኑ ቢበዛ ደግሞ የሳሳው ቀይ ከብራናው ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ክፍት ቦታ ይመስላል።

በቀለም ለተቀዳ ብራና ግን የተሻለ መንገድ አለ። ከሦስቱ ቍጥሮች የቀዩን ብቻ ለይቶ የተመለከተ ሰው ቀዩ ጽሑፍ ሲደበዝዝ ጥቁሩ ብቻውን ሲጐላ ያያል፤ የሰማያዊውን ወይም የአረንጓዴውን ለይቶ የተመለከተ ደግሞ የደከመው ቀይ ጽሑፍ ጠቍሮ ሲወጣ ያያል። የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም በተጻፈበት ስፍራ ይህ ዘዴ አንዳንድ ጊዜ የፊተኛውን ስም ርዝራዥ ያሳያል። እንዲህ ያለ ማስተካከል ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ መጽሐፉ የያዘውን ያወጣል እንጂ ያልያዘውን አይጨምርምና።

፯. የሥራው ሥርዓት

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለው ሥርዓት ይወጣል። አንደኛ፣ ማናቸውም ሥዕል፣ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም እንኳ፣ በቀለምና በከፍተኛው የደረጃ ብዛት ይቀዳ፤ የወረቀቱ ዕድፍና የቀለም ጽሑፉ ራሳቸው ማስረጃ ናቸውና። ጀርባውም ይቀዳ፤ ስምና ቀን የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። ሁለተኛ፣ ልካቸው የታወቀ ግራጫና ቀለሞች ያሉበት ካርድ ከሥዕሉ ጋር በአንድነት ይቀዳ፤ በኋላ የሚመጣ ሰው ስካነሩ ያሳተውን በእርሱ ይለካዋል። ሦስተኛ፣ ይህ የመጀመሪያ ፋይል ቲፍ በተባለው፣ ምንም በማያጐድለው ዓይነት ይቀመጥ፤ ማንም አይንካው። ማስተካከያው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን።

አራተኛ፣ የተደረገው ማስተካከያ በጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር ይያያዝ፤ «ብርሃን ተነሥቷል» ብቻ ሳይሆን በምን መሣሪያ፣ በምን ያህል፣ በየትኛው ክፍል ላይ እንደ ሆነ ይገለጽ። አምስተኛ፣ ሥዕሉን የሚያውቁ የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ሳይስተካከል በፊትም ከተስተካከለም በኋላ ይጠየቁ። «ጥለቱ አረንጓዴ ነበር» ያሉ እንደ ሆነ ቃላቸው እንደ ቃል ይመዝገብ እንጂ በሥዕሉ ላይ ቀለም ሆኖ አይቀባ። ሥዕሉ የሚለው ሌላ፣ ሰው የሚለው ሌላ ነው፤ ሁለቱም የሚጠቅሙት ተለያይተው ሲቀመጡ ነው።

ቤተሰብ የሚፈልገውና መዝገብ የሚፈልገው አንድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ለሙት ዓመት የሟቹን ትንሽ ጕርድ ፎቶግራፍ አስፍቶ ፊቱን የሚያበራ ፎቶ ቤት በደል አልሠራም፤ ልጆቹ የአባታቸውን ፊት ማየት ይገባቸዋል። በደል የሚሆነው ያ የበራ ሥዕል ብቻውን ሲቀርና ለተመራማሪ እንደ መጀመሪያው ሥዕል ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ይህም ሥጋት የሩቅ አይደለም። በ2024 በፒያሳ እንደ ታየው የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች እየፈረሱ ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር፣ አልበሞች ይበተናሉ፤ አንዳንዶቹም ይጠፋሉ። ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ የተቀዳው ፋይል ግልባጭ መሆኑ ይቀርና ራሱ ዋናው ይሆናል። በዚያን ጊዜ በ255 ላይ የተቈረጠ ጥለት፣ በ0 የተዋጠ ከል፣ ነጭ የተደረገ ወይባ የሚያርመው ሌላ ምስክር አይኖርም። እንግዲህ በጉለሌም ሆነ በሌላ ስፍራ አልበም ለመቅዳት የሚነሣ ተማሪ ከፕሮግራሙ አጠቃቀም አስቀድሞ የነጠላን አጣጣፍ፣ የከልን አነካከር፣ የወይባን ትርጓሜ ይማር። የቱን ቍጥር መንካት እንደማይገባው የሚያውቀው ልብሱን ሲያውቅ ነውና።